የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለምን ተጋባ? በሲሙሌሽን ጌም ውስጥ ፍቅርን ስለ መቅረጽ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በጎንደር ከተማ፣ በፒያሳና በአራዳ አካባቢ ያለ አንድ ሰፈርን የሚያስመስል የሲሙሌሽን ጌም በመሥራት ላይ ናቸው። በጌሙ ውስጥ 120 ነዋሪዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ነዋሪ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ከዜሮ በታች ከ100 ተነሥቶ ከዜሮ በላይ እስከ 100 የሚደርስ አንድ «የፍቅር» ቁጥር ይይዛል፤ ሰላምታ፣ ጨዋታና አብሮ ቡና መጠጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ የሁለቱም ቁጥር 70 ሲያልፍ ይጋባሉ። ችግሩ በጌሙ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከሰፈሩ ላጤ የሚባል መጥፋቱ ነው። ከዚህም ሌላ፣ አንዱ ሲከተል ሌላው የሚሸሽበትን ጠባይ የሰጧቸው ጥንዶች በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ከፍቅር ጥግ ወደ ጥላቻ ጥግ ይወዛወዛሉ። በመጨረሻም ይህን ቁጥር ለተጫዋቹ በስክሪን ላይ ማሳየት ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም በእኔ አስተያየት ሥራቸው አንድ ነው፤ የእርስዎ ገጸ ባሕርያት አንዱ የሌላውን ልብ ያነባሉ። ለምሳሌ ደሳለኝ የተባለ ነዋሪ አልማዝ የተባለችውን ለማግባት ሲወስን ፕሮግራሙ የአልማዝን ቁጥር በቀጥታ ከፍቶ ያያል፤ አልማዝም ስትሸሽ የምትሸሸው የደሳለኝን ትክክለኛ ስሜት ዐውቃ ነው። በእውነተኛው ሕይወት ግን የፍቅር ጭንቀት ሁሉ የሚመጣው ያኛው ወገን ምን እንደሚያስብ ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ቀመር በፊት ሦስት ነገሮችን በዳታው ውስጥ እንዲለያዩ እመክራለሁ። አንደኛው ስሜት ነው፤ ይህ የአንድ ሰው የግሉ ሲሆን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያነበውም። ሁለተኛው ግምት ነው፤ ደሳለኝ «አልማዝ ለእኔ ምን ይሰማት ይሆን?» ብሎ የሚይዘው የራሱ ቁጥር ሲሆን ከእውነቱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሦስተኛው ውል ነው፤ መተጫጨት፣ ጋብቻና ፍቺ የሁለቱ የጋራ መዝገብ ናቸው፤ የሚለወጡትም ቁጥር ስለሞላ ሳይሆን አንድ ሰው አንድ ነገር ስላደረገ ነው።

በቅድሚያ ግን ስሜት የሚባለው ቁጥር ራሱ መስተካከል አለበት። አሁን ባለበት አሠራር ቁጥሩ የሚጨምርበት እንጂ የሚቀንስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው፤ የሚዋደዱ ሰዎች ደግሞ አብዝተው ይገናኛሉ፣ አብዝተው ሲገናኙ አብዝተው ይዋደዳሉ። እንዲህ ያለ ቁጥር ጊዜ ከተሰጠው ጣሪያውን መንካቱ አይቀርም፤ የሁለት ዓመቱ የጅምላ ሠርግ የዚህ ውጤት ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ጭማሪው ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እያነሰ እንዲሄድ ማድረግ፣ እንዲሁም ቁጥሩ በየቀኑ ጥቂት በመቶ እየረገፈ ወደ ዜሮ እንዲያዘነብል ማድረግ።

በቁጥር እናስላው። አንድ ግንኙነት 4 ነጥብ ይጨምር፤ ነገር ግን ይህ 4 ከ100 ላይ በቀረው ክፍል ይባዛ፤ በ50 ላይ ላለ ሰው 2 ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ዕለታዊው መርገፍ ደግሞ 4 በመቶ ይሁን፤ ያልተነካ ስሜት በ17 ቀን ገደማ ግማሽ ይሆናል። በዚህ ሥርዓት በየቀኑ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ምንም ያህል ዘመን ቢቆዩ 50 ላይ ይረጋሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ላይ ብቻ የሚተያዩ ሰዎች 12.5 አካባቢ ይቀራሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚገናኙት እንኳ 67 ላይ ይቆማሉ። 70ን ለማለፍ መቀራረብ ብቻውን አይበቃም። መሳሳብ የሚባል ሌላ ማባዣ አለ እንበል፤ ለአብዛኞቹ ጥንዶች 1 ወይም ከዚያ በታች፣ ለጥቂቶቹ ግን 2.5 ቢሆን፣ እነዚያ ጥቂቶች በየቀኑ ሲገናኙ 71 ላይ ይደርሳሉ። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚዋደድ የሚወስነው የሰዓት ብዛት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

መሳሳብን በዳታ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም። የሁለቱን ሰዎች መለያ ቁጥር በቅደም ተከተል ወስደው ከጌሙ መነሻ ቁጥር (ጌሙ ሲጀመር ዕጣዎቹ ሁሉ ከሚነሡበት ቁጥር) ጋር በሃሽ ፈንክሽን (የተሰጠውን ቁጥር ዕጣ ወደሚመስል ሌላ ቁጥር በሚለውጥ ስሌት) ቢያሳልፏቸው ለአንድ ጥንድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ያገኛሉ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ውጤቱ ስለሚለይም ደሳለኝ በአልማዝ መሳቡ አልማዝ በእሱ መሳቧን አያረጋግጥም። የአንድ ወገን ፍቅር ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ የሚገኘው በዚህ ነው።

ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎችም አንድ ቁጥር እንደማይበቃ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሲምስ 2 የተባለው የሰዎችን ኑሮ የሚያስመስል ጌም የዕለቱን ግንኙነትና የዘለቄታውን ግንኙነት በሁለት ቁጥር ለይቶ ይይዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሲምስ 4 ደግሞ ወዳጅነትንና ፍቅርን በሁለት የተለያዩ መስመሮች አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስታርዲው ቫሊ የተባለው የእርሻ ጌም ቀለል ያለ መንገድ መርጧል፤ ቅርበት በልብ ይቆጠራል፣ አንድ ልብ 250 ነጥብ ነው፣ ለአንድ ሰው በመደበኛው በሳምንት ከሁለት ስጦታ በላይ መስጠት አይቻልም፣ ሰላም ሳይሉት የሚውሉት ሰው ነጥብም ይቀንሳል። ይህ ለዚያ ጌም ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ፍቅር የሚጀምረው ተጫዋቹ ብቻ ነው። እርስዎ ግን 120 ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲዋደዱ ስለሚፈልጉ ስጦታ እየሰጡ ነጥብ መሰብሰብ የሚለው አሠራር አይጠቅምዎትም። ይልቅስ የዕለቱና የዘለቄታው የሚለውን የሲምስ 2 ክፍፍል እንዲወስዱ እመክራለሁ፤ የዕለቱ በ17 ቀን ግማሽ የሚሆነው ይሁን፣ የዘለቄታው ደግሞ በዓመት እንኳ ግማሽ የማይደርስ፣ የዕለቱን ከኋላው ቀስ ብሎ የሚከተል ይሁን። ባልና ሚስት ተጣልተው ሳምንት ሲኮራረፉ የዕለቱ ይወድቃል፣ የዘለቄታው ግን ይዟቸው ይቆያል።

ወደ ውዝዋዜው ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ስትሮጋትዝ ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የሁለት ሰዎችን ፍቅር በሁለት ቀላል ዲፈረንሻል እኩልታዎች (አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ በሚገልጹ ቀመሮች) አስቀምጦ፣ አንዱ ሲወደድ የሚወድድ ሌላው ሲወደድ የሚሸሽ ከሆነ ፍቅራቸው ማብቂያ በሌለው ዙር እንደሚሽከረከር አሳይቷል። እርስዎ የጻፉት ደንብ ሳያስቡት ይህንኑ ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ዙሩ ባለበት መጠን የሚቆይ ሲሆን በእርስዎ ጌም ውስጥ እየሰፋ ሄዶ ጣሪያና ወለሉን ይመታል፤ ይህም የጠባያቸው ሳይሆን የስሌቱ ጥፋት ነው። በላኩት ኮድ ላይ የመነካካቱ መጠን፣ ማለትም የአንዱ ስሜት የሌላውን በአንድ እርምጃ የሚለውጥበት መጠን፣ 0.5 ሲሆን እርምጃውም አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ እርምጃ የዙሩን ስፋት በ1.118 ያባዛዋል፣ በ20 ቀን ውስጥ ከ9 እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። የሁለት ሳምንቱ ምልልስም ከዚሁ ከ0.5 የመጣ ነው። መጠኑን ወደ 0.2 አውርደው ከላይ ያልነውን የ4 በመቶ መርገፍ ሲጨምሩበት ማባዣው ወደ 0.98 ይወርዳል፤ ጥንዶቹ ጥቂት ጊዜ ይወዛወዙና ይረጋሉ። በተጨማሪም የሁለቱን አዲስ ቁጥሮች ከአሮጌዎቹ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ያስሉ፤ መጀመሪያ የደሳለኝን ለውጠው የአልማዝን ከተለወጠው ላይ ካሰሉ ውጤቱ ስም ዝርዝሩ ላይ ማን እንደሚቀድም የሚወሰን ይሆናል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ግምት። ገጸ ባሕርዩ ስለ ሌላው ስሜት የሚያውቀው ምልክት አይቶ ነው፤ ምልክትም ዋጋው የሚለካው ያላፈቀረ ሰው ያንኑ ድርጊት የማድረግ ዕድሉ ምን ያህል ነው በሚለው ነው። በጎንደር ቡና ተጠርቶ እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ የወደደም ያልወደደም ይመጣል፤ ስለዚህ መምጣቱ ምንም አይናገርም። አቦሉን ጠጥቶ «ሥራ አለብኝ» ብሎ መነሣት እየቻለ እስከ በረካ የተቀመጠ ሰው ግን አንድ ነገር ተናግሯል። የወደደ ከ10 ጊዜ 8 ጊዜ፣ ያልወደደ ከ10 ጊዜ 4 ጊዜ እስከ በረካ ይቆያል ብለን ብናስቀምጥ ምልክቱ «ትወደኛለች» የሚለው «አትወደኝም» ከሚለው ጋር ያለውን ንጽጽር በሁለት ያባዛዋል። ደሳለኝ በመጀመሪያ «ትወደኝ ይሆናል» የሚለው አንድ ለአራት፣ ማለትም ከአምስት አንድ ወይም 0.2 ቢሆን፣ ከአንድ እንዲህ ያለ ቀን በኋላ 0.33፣ ከሁለት በኋላ 0.5፣ ከሦስት በኋላ 0.67፣ ከአራት በኋላ 0.8 ይደርሳል። አልማዝ በእውነቱ የቆየችው ውጭ ዝናብ ስለነበረ ሊሆን ይችላል፤ ደሳለኝ ግን ይህን አያውቅም፣ ጌሙም አይንገረው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በውጭ ጌሞች ውስጥ እምብዛም ያላየሁት፣ እኛ ግን ስሙን ጭምር ይዘን የምንኖረው ነገር ነው፤ ይሉኝታ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የይሉኝታ ቁጥር ይስጡት፤ ትርጉሙም ተናግሮ ቢከለከል የሚሰማው ኀፍረት መጠን ነው። ሰውየው የሚናገረው ይሳካል ብሎ የሚገምተው ዕድል በደስታው ተባዝቶ፣ አይሳካም ብሎ ከሚገምተው ዕድል በኀፍረቱ ከተባዛው ሲበልጥ ነው። ደስታው 10 ኀፍረቱ 5 የሆነ ደፋር ግምቱ ከሲሶ ትንሽ እንዳለፈ ይናገራል፤ ኀፍረቱ 40 የሆነ ሰው ግን ከ0.8 በላይ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ አፉን አይከፍትም። ከላይ ባሰላነው ቡና ብንለካው አንደኛው ሁለተኛው ቀን ላይ ይናገራል፣ ሌላው ከአራተኛው ቀን በኋላ ገና አፋፉ ላይ ቆሞ ያመነታል፤ በዚህ መካከል አንዱ ደፋር ሊቀድመው ይችላል። በተጨማሪ ኀፍረቱን በቦታው ባለው የሰው ብዛት ያባዙት። በመናኸሪያ ሕዝብ መሐል የማይናገር ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሚወስደው ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ሊናገር ይችላል፤ ቦታ ራሱ የታሪኩ አካል ሆነ ማለት ነው። ወዳጅን አማላጅ አድርጎ መላክም በዚሁ ሒሳብ ትርጉም ያገኛል፤ አማላጅ ኀፍረቱን ይቀንሳል፣ በምትኩ ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጨምራል።

የጥምቀት ሎሚ የዚህ ሁሉ ምርጥ ምሳሌ ነው። ጥር 11 በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ወጣቱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል የሚለውን ልማድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጌም ሠሪ ዓይን ሲታይ ሎሚው እጅግ ብልህ መሣሪያ ነው፤ በሕዝብ ፊት የሚደረግ ቢሆንም በዓል ስለሆነ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ኀፍረቱ ትንሽ ነው፤ ልጅቷ ብታነሣው አንድ ነገር ነው፣ ዝም ብትለውም ማንም ተከለከለ አይባልም። በዓመት አንድ ቀን ይሉኝታን በአምስት የሚያካፍል ክስተት ማስገባት ከመቶ የውይይት ጽሑፎች በላይ ለጌምዎ ሕይወት ይሰጣል፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለበትንም ምክንያት ተጫዋቹ በገዛ እጁ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሎሚ የሚወረውረው ወንድ ነው ተብሎ «ወንድ ይጀምራል» የሚል ማባዣ በስሜቱ ቀመር ውስጥ እንዳይጽፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪምወርልድ የተባለው ጌም ገና በግንባታ ላይ ሳለ ኮዱ ተመርምሮ፣ የፍቅር ሙከራን ወንዶች ከሴቶች በብዙ እጥፍ እንዲጀምሩ የሚያደርግ ማባዣ ስለተገኘበት ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በቀመር ውስጥ የተቀበረ ቁጥር ሠሪው ስለ ሰው ያለውን እምነት ለሰፈሩ ሁሉ ተፈጥሮ ያደርገዋል። ልማድ በድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ ይቀመጥ፤ እሱ ሎሚ ይወረውራል፣ እሷ እስከ በረካ ትቆያለች ወይም ታስቆያለች፤ የልባቸው ቀመር ግን አንድ ይሁን።

ቅናትም የሚሠራው በዚሁ የማወቅ ሥርዓት ላይ ነው። እያንዳንዱን ክስተት ማን፣ ከማን ጋር፣ ምን፣ መቼ፣ ማን ያውቃል በሚሉ አምስት መስኮች ይመዝግቡት። ቡና በተፈላ ቁጥር በአቦል፣ በቶና እና በበረካ አንድ አንድ ወሬ ከአንዱ ወደ ሌሎቹ ይለፍ፤ ሦስት ሲኒ፣ ሦስት ወሬ። ከዓመታት በፊት ራሴ በሠራሁት አንድ ሙከራ ወሬው ወዲያውኑ ለሁሉም እንዲደርስ አድርጌ ነበር፤ ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሁሉንም የሚቀናበት ሆነና ሥራውን አፍርሼ እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ። ወሬ በሲኒ መጠን ሲሄድ ግን አንዳንዱ ምስጢር ሳይሰማ ያረጃል፣ አንዳንዱም ከሠርጉ ዋዜማ ይደርሳል።

ውልን በተመለከተ ደረጃዎቹን የተዘጉ ክፍሎች አድርገው ያስቡ፤ ትውውቅ፣ መጠናናት፣ እጮኝነት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር በር ድርጊት ብቻ ነው። ሽማግሌ መላክ ከእነዚህ በሮች ትልቁ ሲሆን ሦስተኛ ወገንን ያስገባል፤ ውሳኔው የአልማዝ ብቻ ሳይሆን ወላጆቿ ለደሳለኝና ለቤተሰቡ ያላቸው አስተያየትም ይመዘናል። የሽማግሌው ጉዳይ የራሱ ሁኔታዎች አሉት፤ ተልኳል፣ «እንመካከርበት» ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቶታል፣ ተፈቅዷል፣ ተከልክሏል። ለቤተሰብ አስተያየት ክሩሴደር ኪንግስ 3 የተባለውን ጌም አሠራር ይከተሉ፤ እዚያ አንድ ሰው ለሌላው ያለው አስተያየት ስም ያላቸው ምክንያቶች ድምር ነው፣ እያንዳንዱም ምክንያት ለብቻው ይታያል። «የእድሩን ለቅሶ ቀርቷል፣ ከዜሮ በታች 15» የሚል መስመር ከባዶ ቁጥር ይልቅ ስሕተትን ለማግኘትም ይረዳዎታል። ከፍቺ በኋላ ደግሞ ስሜቱን ወደ ዜሮ አይመልሱት፤ ውሉ ይፈርሳል እንጂ ስሜቱ በራሱ ጊዜ ይርገፍ።

ሁለት ነገሮች ግን በነጥብ የማይመዘኑ የተዘጉ በሮች መሆን አለባቸው። ዕድሜ አንዱ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፣ በጌሙም ከዚያ በታች ላለ ገጸ ባሕርይ የፍቅር ቁጥርና መሳሳብ ጭራሽ አይፈጠሩ። ምርመራውን በእያንዳንዱ ድርጊት ላይ ሳይሆን ቁጥሩ በሚወለድበት አንድ ቦታ ላይ ያድርጉት፤ በድርጊት ላይ የተበተነ ምርመራ አንድ ቀን ይረሳል። ሌላው ዝምድና ነው። በልማዳችን እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ይቁጠሩ፤ ሙሉ ቢሆን 254 ስሞች ናቸው፣ የሁለቱ ስብስቦች አንድ የጋራ ስም ካላቸው በሩ ይዘጋል። ጌሙ ሲጀመር የቀደሙት ትውልዶች ስለማይኖሩ ለመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የዘር ቁጥር ሰጥቶ ማለፍ ይበቃል።

ዘመን አቆጣጠሩን የኢትዮጵያ ካደረጉት ሠርጎቹ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ክርስቲያን ገጸ ባሕርያት በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት አይደግሱም፤ ሠርጉ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል። ሙስሊም ቤተሰቦች የራሳቸው ኒካሕና የራሳቸው በዓላት አሏቸውና የሠርግ ወቅቱን ለሰፈሩ ሳይሆን ለቤተሰቡ ያስሩት።

ስለ ኮምፒዩተር ጫና ብዙ አይጨነቁ። 120 ሰዎች በሁለቱም አቅጣጫ 14,280 ግንኙነቶች ይሆናሉ፤ የሚተዋወቁትን ብቻ ካስቀመጡ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። መርገፉንም በየቀኑ ለሁሉም አያስሉ፤ መጨረሻ የተነካበትን ቀን ይዘው ሲፈለግ ብቻ ያስሉት።

ሲሞክሩት ያለ ተጫዋች 10 የጌም ዓመት በ100 የተለያዩ መነሻ ቁጥሮች ያስኪዱና ምን ያህሉ ሳያገቡ እንደቀሩ፣ ከመተዋወቅ እስከ ጋብቻ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይዩ። ነገር ግን አማካይ ብቻውን ያታልላል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ የአንድ ሰው ሙሉ መዝገብ አውጥተው ከልደት እስከ ሞት እንደ ታሪክ ያንብቡት። አሰልቺ ከሆነ ቁጥሮቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ጌሙ ገና ነው።

ቁጥሩን በስክሪን ላይ ማሳየትን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ለተጫዋቹ የሚታየው የሚመራው ገጸ ባሕርይ ግምት ብቻ ይሁን፤ እሱም በዘንግ ሳይሆን ባየው ነገር ይገለጥ፦ «ትናንት እስከ በረካ ቆየች»፣ «ዛሬ በአራዳ ስታልፍ ዞር ብላ አላየችም»። በጥር 11 ሎሚው ሲወረወር ካሜራው ሎሚውን ይከተል፤ ሎሚው ወድቆ፣ አልማዝ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ጎንበስ ስትል፣ ያነሣችው ሎሚውን ይሁን የነጠላዋን ጫፍ ሰው በመሐል አልፎ ይጋርደው።